የመጀመሪያው ዘለላ

አክስቷ መቀሱን ወደ አበባው ዘለላ ሲያስጠጉ ልጅቷ ፈጥና ተጠጋቻቸው። አክስቷ የተከሉት የዛፍ ችግኝ በአራት ዓመቱ፣ ከእርሳስ በማይወፍር ቅርንጫፉ ላይ፣ ገና ዛሬ ማበቡ ነበር። የሮዝ ቀለም አበባዎቹ መዓዛ አጥሩን ዘሎ መንገዱን አውዶታል። ጎረቤታቸውን አናጢ እጁን ጎትታ ያመጣችውም ራሷ ናት። «ይሄ ለመጥረጊያ እጀታም አይሆን» እያለ ሲያላግጥባቸው ኖሯልና፣ ዛሬ አፉን ልታስይዘው ነበር።

«ኧረ በሞቴ እትዬ! እንዴት እጅዎ ይጨክናል?» አለ አናጢው፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«ሥሩ ገና ለጋ ነው። ጉልበቱን አበባ ላይ ከጨረሰ ብርዱን አይችለውም።»

«አንድ ሳምንት ብቻ ይቆይ፣ አክስቴ! ሰፈሩ ሁሉ ይየው!» አለች ልጅቷ፣ የአክስቷን ክንድ ይዛ።

«ሰፈሩ እየሳቀብኝ አሳድጌዋለሁ። አሁን ሊያጨበጭብልኝ ነው ብዬ ልግደለው?»

መቀሱ ቀጭ አለ። ዘለላውን አናጢው መዳፍ ላይ አኖሩለትና፣ ፊቱን እንኳ ሳያዩ ወደ ችግኙ ጎንበስ ብለው የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ደባበሱት። ልጅቷ ለአናጢው ስታሰናዳ የከረመችው መልስ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዓይኗን ግን ከዚያ አውራ ጣት ላይ መንቀል አቃታት።