አሥራ አምስት ሜትር ራቁ

«የሣር ማጨጃው ሲሠራ ከአሥራ አምስት ሜትር በቅርብ ሰው አይቆምም» ብሎ ባልየው መመሪያውን ጮክ ብሎ አነበበ። «ጠጠር ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል!»

ሚስቱ፣ ልጆቹና የእሁድ እንግዶቹ ሁሉ ወንበራቸውን ተሸክመው ጎረቤት ግቢ ገቡ።

«ድምፁ አይሰማ፣ ሣሩ አያጥር፣ ምን ዓይነት ማጨጃ ነው?» አለች ሚስቱ ከአጥር ማዶ።

«ድምፁ የማይሰማው በባትሪ ስለሚሠራ ነው፤ ሣሩ ደግሞ ክረምት ስለሆነ ቶሎ ያድጋል!» አለ ባልየው።

የማጨጃው ባትሪ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ባልየው መነጽሩንና የጆሮ መከላከያውን አድርጎ፣ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚያገኛትን ጸጥታ ፍለጋ፣ ወገቡ ድረስ ወዳደገው ሣር ገባ።

መሀሉ ላይ አማቱ እማማ ጥሩዬ መነጽር አድርገው፣ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ተቀምጠዋል።

«ቀስ ብለህ ርገጥ አንተ!» አሉት በሹክሹክታ። «ሣሩ ከተኛ ያቺ ለፍላፊ ልጄ ታየናለች።»