ማን ከፈተው? ለምን?

ቢሯችን በኢንተርኔት የሚከራያቸው ኮምፒውተሮች በሰዓት ነው የሚያስከፍሉት። ስለዚህ ደንብ አወጣን፤ ከእነዚህ ማሽኖች አንዱን የከፈተ ሰው በአከራዮቹ ገጽ ላይ ባለው ዝርዝር ስሙንና ምክንያቱን ይጽፋል።

እዚሁ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። በስሙ የቀረውን ማሽን ዘጋሁት። በማግስቱ ጠዋት ተከፍቶ ሂሳብ ሲቆጥር አገኘሁት። በሕይወት ሳለ እንኳ እንዲህ ማልዶ ሥራ ገብቶ አያውቅም። ደግሜ ዘጋሁት፤ ተከፈተ። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሂሳቡ የሁላችንንም ደሞዝ ሊውጥ ደረሰ።

“ያ ማሽን እስከ ስድስት ሰዓት ካልተዘጋ፣ ሁላችንም ወደ ቤታችን ነን” አለ አለቃችን።

አከራዮቹ ጋ ደወልኩ። “በፈጠረዎት፣ ከሥሩ ያጥፉልኝ!”

“አጠፋሁት፣ እህቴ” አለኝ ባለሙያው። “ገጹን እንደገና ይክፈቱት።”

ከፈትኩት። ማሽኑ በርቷል። የከፈተው፣ ወንድሜ። ምክንያቱ፣ “እትዬ፣ አትዝጊብኝ። ስትዘጊው ይጨልምብኛል።”

እትዬ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።

“ለእርስዎም ይታያል?” አልኩ።



“ይታየኛል” አለ ባለሙያው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ገና እየጻፈ ነው።”