ከአማች ኪስ የወጣ ትምባሆ

«እጅህን ከኪስህ አውጣ!» አለ አናጢው፣ ወርክሾፑ መሃል ቆሞ። «ባዶውን አይደለም፣ ከነያዘው!»

ሾፌሩ አወጣ። መዳፉ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ እንደ ካርቶን ስስ ሆኖ የተቆረጠ ቡናማ ትምባሆ ነበር። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ትምባሆ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አሁን የሴት ልጁን ባል ጃኬት ጨምድዶ ይዟል።

«ጋሼ፣ አንዴ ይስሙኝ...»

«በዓይኔ ካየሁህ በኋላ በጆሮዬ ምን ልስማህ? ሌባ!»

«ሌባ» የሚለው ቃል ሰው ይሰበስባል። የአናጢው ሚስት እጇን እያደረቀች ከኩሽና ወጣች። ልጅቷ ሆዷን አስቀድማ ተከተለች፤ ወሯ ገብቷል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ደንበኛውን በግማሽ ጺም ጥሎ ምላጩን እንደያዘ መጣ።

«ዛሬውኑ ከግቢዬ ውጣ!» አለ አናጢው። «ሚስትህንም ይዘህ።»

«አባዬ፣ የት ልውለድ? ታክሲው ውስጥ?» አለች ልጅቷ።

«ሌባ ስታገቢ ማሰብ ነበር!»

ነገሩ የዛሬ አልነበረም። አናጢው ለወንበርና ለጠረጴዛ ከሚጨነቀው ይልቅ ለፒፓው ይጨነቃል። ደረቅ የትምባሆ ቅጠል ይገዛል፤ የማር ውሃ ይረጭበታል፤ ደራርቦ በሁለት ጣውላ መሃል ያደርግና በሞርሳ ያስረዋል። እንደ እንጨት ሲጠነክርለት በስስ ቢላ ይቆርጠዋል። ከዚያ በማርማላታ ጠርሙስ ከትቶ፣ ክዳኑን በሻማ አሽጎ፣ ከኮላው ጣሳ ኋላ ያስረጀዋል። ሊያጨስ ሲል አንዷን ቁራጭ መስኮት ላይ ያሰጣታል። «እርጥቡን የሚያጨስ ምላሱን ይቀቅላል» ይላል፣ ወንበር ሊያስጠግን ለመጣ ሁሉ።

ሐኪሙ ከሳንባህና ከፒፓህ አንዱን ምረጥ ብሎት ነበር። አናጢው ሐኪም ቀየረ።

ባለፈው ክረምት ግን ጠባዩ ተበላሸ። እንቅልፍ አጣ፤ ድመት ላይ መዶሻ ወረወረ። ሞርሳውን ካጠበቀው በላይ ጠብቆ ያገኘው ጀመር፤ ሻማውም ያልቅበታል። ሾፌሩ ጎማና ብሎን ይዞ ወርክሾፑ ውስጥ ሲርመሰመስ ስለሚውል ጥርጣሬው አድራሻ አላጣም። በኋላ ጠባዩ ተመለሰ፤ እንዲያውም የድሮ ሳሉ ድራሹ ጠፋ። «ትምባሆ ሲያረጅ መድኃኒት ይሆናል» አለ። ጥርጣሬው ግን እንዳለ ቀረ።

ሚስትየዋ ሰዉን ለማብረድ ሻይ አቀረበች። ፀጉር አስተካካዩ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣ።

«እትዬ፣ ይሄ ሻይ ነው ወይስ ሻይ በሩቁ ሰላም ያለው ውሃ?»

«ጠጣና ፍርድህን ስጥ» አለችው።

«እሺ። ሰው በኪሱ አይፈረድበትም። የጠርሙሱንም የኪሱንም አጭስና የራስህን እጅ ሥራ ለይ። የኪሱ ያንተ ከሆነ ይውጣ፤ ካልሆነ ጃኬቱን ልቀቅለት።»

አናጢው ደስ አለው። ሾፌሩ ግን ደነገጠ። አማቱን አየ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። አፉን ሊከፍት ሲል በክርኗ ጎሸመችው።

«ተመልከቱ፣ እናቷ እንኳ አፈረችበት!» አለ አናጢው።

ከጠርሙሱ አንድ ቁራጭ አወጣ። በመዳፉ ፈተገው። ከሥር ላላ፣ ከላይ ጠበቅ አድርጎ ፒፓውን ሞላ። ክብሪት ጫረ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ማር» አለ። «የደረቀ በለስ... ደግሞ ከኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ እንደ ድሮ ቁም ሣጥን ያለ ነገር...»

«እማዬ፣ ወተቱ!» ጮኸች ልጅቷ።

ወርክሾፑ በተቃጠለ ወተት ሽታ ተሞላ። ፀጉር አስተካካዩ አፍንጫውን ያዘ። ሚስትየዋ እየሮጠች ሄዳ እየሮጠች ተመለሰች።

«ምን ያንጫጫችኋል? መዓዛው እንዳያመልጠኝ!» አለ አናጢው። ዕድሜውን ሙሉ ቫርኒሽ ሲምግ የኖረ ሰው ነው፤ አፍንጫውን ግን እንደ ሚዛን ያምነዋል።

ፒፓውን አጽድቶ ከኪስ የወጣውን ሞላ። አንዴ ሳበ። ዓይኑ ፈጠጠ። የወርክሾፑ ዕቃ እስኪናወጥ ሳል ያዘው፤ ፀጉር አስተካካዩ ጀርባውን ይደልቅለት ጀመር።

«ምንድን ነው ይሄ? የፍየል ጺም ነው?» አለ እንባውን እየጠረገ። «ይሄ የኔ እጅ ሥራ ከሆነ እጄ ይቆረጥ! የእኔው ጉሮሮ አይቧጥጥም፣ እንደ ሐር ነው የሚወርደው። አንዱ አጭበርባሪ ቆሻሻ ጨፍልቆ ሸጦለት ነው።»

«ታዲያስ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ታዲያማ አማቼ ሌባ አይደለም። ጅል ነው።»

ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጺሙ ወደ ቀረው ሰውዬ ሮጠ። አናጢው የሾፌሩን ጃኬት በእጁ አስተካከለለት፤ ከጠርሙሱም አንድ ቁራጭ መዞ ሰጠው።

«እንካ ልጄ፣ ትምባሆ ምን እንደሚመስል እወቅ።»

ሾፌሩ በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ ታክሲው ሲሄድ አማቱ በር ላይ ደረሰችበት። ዞር ብላ አየችና ጆሮውን ቆነጠጠችው።

«ሽንት ቤት ድፋው ያልኩህን ትምባሆ ታጨሳለህ፣ አንተ ከንቱ? በል አሁን ስትመለስ ሻይ ቅጠል ይዘህ ና፤ የሰውዬው ጠርሙስ ሊያልቅ ነው።»