አራተኛው ናሙና

የከብት መድኃኒት ፋብሪካው ፍሳሽ የሚጣራው ከግቢው ጀርባ ባለ ኩሬ ውስጥ ነው። ኩሬውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁትን ሰው ሠራተኛው ሁሉ አባ ኩሬ ይላቸዋል። ጡረታቸው ሊደርስ ሰባት ወር ቀርቶታል።

ፋብሪካው አካባቢን ለመጠበቅ ቃል ከገባ ወዲህ ሥራቸው በዝቷል። ከከብት አርቢዎች የሚመለሰውን ባዶ የመድኃኒት ጠርሙስ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ማሞቂያው ለመብራት ቁጠባ ስለተዘጋ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቀልቁታል። ካርቶኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ታጥቧል» ብለው ይጽፋሉ፤ የፈለገ መሥሪያ ቤት በነፃ ይወስዳል። ማታ ማታ ወገባቸው አላስተኛ ይላቸዋል።

የአካባቢ ተቆጣጣሪዋ ለአራተኛ ጊዜ የመጣችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከኩሬው በወሰደቻቸው ሦስት ናሙናዎች ውስጥ የመዥገር መድኃኒት ተገኝቷል። አራተኛውም ከደገመ ፋብሪካው ይታሸጋል፤ ጥፋተኛውም ያለ ጡረታ ይሰናበታል።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እሁድ እሁድ ፍሳሹን ሳያጣራ የሚለቅ ሰው አለ?»

«እሁድ እዚህ የምውለው እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጄ።»

«ራስዎን እየወነጀሉ እኮ ነው።»

«ታዲያ ልዋሽልሽ?»

ተቆጣጣሪዋ ጎንበስ ብላ ጠርሙሷን ሞላች። ክዳኑን አጠበቀች፤ ቀኑን ጻፈችበት። ኩሬው ላይ አንዲት ዳክዬ ጫጩቶቿን አስከትላ ትዋኛለች።

«እነዚህስ ይህንኑ ውሃ አይደል የሚጠጡት? ዘንድሮ ዘጠኝ ፈለፈለች፤ አንድም አልሞተባት» አሉ አባ ኩሬ።

«ዳክዬ ላቦራቶሪ አይደለችም፣ አባባ።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ደመወዝም አትጠይቅም።»

ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም። የግቢው ጥበቃ፣ ሽማግሌው በየማለዳው ባልዲ ይዘው ወደ ኩሬው እንደሚወርዱ ነግሯታል።

«ባልዲው ውስጥ ምንድን ነው የሚይዙት?»

«ደረቅ ዳቦ። ለእነሱ» አሉ፣ ወደ ዳክዬዎቹ በአገጫቸው እያመለከቱ።

ማስታወሻዋ ላይ «ባልዲ» ብላ ጽፋ ሥሩን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ሽማግሌውን እንኳ ይተዉዋቸው። ድክም ብሏቸዋል።»

«የምጠረጥራቸውም ለዚያ ነው» አለች። «የደከመው ሰው አቋራጭ ይፈልጋል።»

ውጤቱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። የመዥገር መድኃኒት፣ መጠኑም እንደ ቀድሞው።

በሩ ታሸገ። አባ ኩሬ ቱታቸውን አጣጥፈው አስረከቡ። የቀረውን ዳቦ ኩሬው ዳር በትነው፣ ባዶውን ባልዲ በአፉ ደፍተው ወጡ። ማንም አልሸኛቸውም።

በማግስቱ ተቆጣጣሪዋ ወደ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ልትሄድ ስትል የናሙና ጠርሙስ አለቀባት። ወደ መሥሪያ ቤቷ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረደች።

«ያው ሁልጊዜ የምትወስጂው ነው፤ ስንት ላውጣልሽ?» አለ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ ካርቶኑን ከመደርደሪያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ታጥቧል» ይላል።