ቅሬታ አቅራቢዋ

የፖለቲካ ፍልስፍና መጽሔቱ በወረቀት መታተሙ ቀርቶ በኢንተርኔት ብቻ እንዲወጣ አዲሱ ቦርድ ወሰነ። መጽሔቱን ሃያ ስድስት ዓመት ላዘጋጀው ሰው የቀረለት ሥራ የአንባቢዎችን ቅሬታ በስልክ መቀበል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠ። ማንም አልደወለም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ስልኩ ጮኸ።

«ከደሴ ነው የምደውለው፤ ወይዘሮ ትሁኔ እባላለሁ» አሉ አንዲት ሴት። «መጽሔቱን ለምን አቆማችሁት?»

አዘጋጁ ደስ ብሎት ብዕር አነሳ። «የትኛውን ጽሑፍ ነው የወደዱት?»

«እኔማ አንብቤው አላውቅም። የሚያነበው ባለቤቴ ነበር፤ ካረፈ አምስት ዓመቱ። ግን በየሦስት ወሩ ፖስታ ሳጥናችንን ስከፍት ስሙ ተጽፎ አገኘዋለሁ። ከእናንተ ሌላ በስሙ ፖስታ የሚልክ የለም።»



«ሙሉ ስማቸውን ይንገሩኝ እስቲ» አላቸው አዘጋጁ።

ስልኩን ሲዘጋ ከመደርደሪያው አንድ የቆየ ዕትም አወረደ። ፖስታ ውስጥ ከተተና «ለመምህር አያሌው ሽበሽ፣ ደሴ» ብሎ በእጁ ጻፈ።

በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ተመለሰ። ሌላ ዕትም አወረደ፤ ሌላ ፖስታ አወጣ፤ የራሱን ስምና የፖስታ ሳጥን ቁጥር ጻፈበት።