ደጃፍ ላይ ያለው ጫማ

አርብ ማታ ኢዮኤል አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ባለው ሱቁ ውስጥ ምስር እየመዘነ ነበር። እናቱ እትዬ ፅጌ እንደ ወትሯቸው በኋላ ክፍል ሶፋው ላይ ተኝተዋል፤ ጫማቸው ከሶፋው ስር ነው። ዳሌያቸውን ኦፕሬሽን ከሆኑ ወዲህ የግራው ሶል ከቀኙ ሦስት ሳንቲሜትር ይወፍራል። ከልጃቸው ከሔለን ጋር ጃፓን ሊሄዱ ቲኬት ተቆርጦላቸው ነበር፤ ሐኪሙ ግን ልባቸው በረራ አይችልም ብሎ አስቀራቸው።

ሔለን የጥበብ ሥራ ልታይ ከሄደችበት የጃፓን ደሴት በቪዲዮ ደወለች። ከኋላዋ ባሕሩና መስኮት የሌለው የኮንክሪት ቤት ይታያሉ።

«ሶ፣ አርቱ ቤቱ ራሱ ነው። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገቡት፤ ያውም ጫማ አውልቆ።»

«ተሳልመሽ ግቢያ!» አላት ወንድሟ።

«አትቀልድ። ውስጥ ሰው ስላለ ወረፋ እየጠበቅኩ ነው። ጫማዋን እየው እስቲ፣ የእማዬን አይመስልም?»

ስልኩን ወደ ደጃፉ አዞረችው። የግራው ሶል ወፍራም ነው። ማሰሪያው ኢዮኤል ባለፈው እሁድ በገዛ እጁ በሰፋበት ሰማያዊ ክር ተሰፍቷል።

ስልኩን እንደያዘ ወደ ኋላ ክፍል ገባ። እናቱ ተኝተዋል። ከሶፋው ስር ምንም የለም።

«ሔሉ፣ በሩ ላይ ሆነሽ ጥሪያት።»

«ማንን?»

«እማዬን። ዝም ብለሽ ጥሪ።»

«እማዬ!»

«አቤት» የሚል የእናታቸው ድምፅ ከኮንክሪቱ ቤት ውስጥ በስልኩ ተሰማ። ሶፋው ላይ የተኙት እናቱ ከንፈር ግን አልተንቀሳቀሰም።

ኢዮኤል እጁን ደረታቸው ላይ አድርጎ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረ። አራት ጊዜ ብቻ ተነፈሱ።