ሰው የሌለበት የባህር አልበም

"እማ... እባክሽ ትንሽ ዞር በይልኝ! ፎቶው ውስጥ ገባሽብኝ እኮ!"

እናትየው ደንገጥ ብላ፣ ጫማዋን በእጇ እንዳንጠለጠለች ወደ ጎን ፈቀቅ አለች...

"ይቅርታ ልጄ... አላየሁም።"

ልጅየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ባህሩን አነሳ። ደጋግሞ አነሳ።

እዚህ ጋ ቆም በሉና ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

እናትየው ልብስ ሰፊ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሁለት ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል አንድ ምኞት ብቻ ነበራት... ባህር ማየት።

"ጨው ነው ይላሉ... እኔ ግን ሳልቀምስ አላምንም" እያለች ትቀልድ ነበር።

በዚህ ዓመት መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፍ... ቀጥሎ የጎረቤት ስም... ከዚያ ምሳ መብላቷን።

ሐኪሙ ልጆቿን ለብቻ ጠርቶ እንቅጩን ነገራቸው።

"ይሄ በሽታ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም። የምትመኘው ነገር ካለ አሁን አድርጉላት። ፎቶ አንሷት... ያለችውን፣ ያሳቃትን ጻፉላት። በኋላ ራሷን እያየች ትጽናናበታለች።"

ታላቅ እህቱ የሥራ ፈቃድ ወስዳ ባህር ልትወስዳት ተነስታ ነበር። ልጅየው ግን "ተይው፣ ፎቶ ለእኔ ነው የሚተወው!" ብሎ ደረቱን ነፋ።

የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነው እኮ! ግን ስለ ጉዞ ፎቶ አነሳስ ኢንተርኔት ላይ ትምህርት ከጨረሰ ወዲህ የሚችለው አልተገኘም። ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ገዛ። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍበት ደብተርም ገዛ። ከትምህርቱ ሁሉ አፉን ሞልቶ የሚጠቅሳት አንዲት ሕግ ነበረችው...

"መልክዓ ምድር ውስጥ ሰው ከገባ ፎቶው ተበላሸ!"

እና ባህሩ ጋ ደረሱ።

እናትየው ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች። ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

"ውይይይ! እውነትም ጨው ነው! ና ቅመስ ልጄ!" ብላ እንደ ሕፃን ተንከተከተች። የማታውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ አብረዋት ሳቁ።

ልጅየው ያኔ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን ማቆሚያው ላይ እያሰረ ነበር።

"አንድ እንኳን አብረን እንነሳ እንጂ..."

"አሁን እኩለ ቀን ነው እማ፣ ፀሐዩ ፊት ላይ ጥላ ይጥላል። አመሻሽ ላይ ብርሃኑ ሲያምር።"

አመሻሽ ላይ ብርሃኑ አማረ... ልጅየው የምትጠልቀውን ፀሐይ አነሳ።

"እኔስ?"

"ነገ ጠዋት እማ፣ ቃሌ ነው።"

ራት ላይ ደብተሩን አውጥቶ ሲጽፍ አንገቷን አሰገገች። "ስለ ጨዉ ጻፍክ?"

"እሺ፣ እሺ" አላት። የጻፈው ግን "ብርሃን ከግራ፣ ደመና ስስ፣ ማዕበል መካከለኛ" ነው።

አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ሳታውቀው ጥግ ላይ ገብታ ነበር... ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጥርሷ እየታየ።

ልጅየው ስልኩ ላይ ሰው የሚያጠፋ አፕ አለው። በጣቱ አሻሻት... አሻሻት... ጠፋች። እሷ በነበረችበት ባህር ሞላበት። ዋናውንም "ቦታ ያዘብኝ" ብሎ ሰረዘው።

ጠዋት ደግሞ አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ አጣደፋቸው።

ፎቶዎቹን ለጠፋቸው፤ ላይኩ ጎረፈ። "ሲያምር! ቦታው የት ነው?" ያላለ የለም። ስለ እናቱ የጠየቀ ግን አልነበረም። መሄዷን በምን ይወቁ?

ወራት አለፉ... እናትየው ባሰባት። ልጅየው ምርጥ ምርጡን አሳትሞ፣ ትልቅ አልበም አሠርቶ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ይዞላት መጣ። እህቱም ነበረች።

እናትየው ጣቷን ምራቅ እያስነካች ገለጠች...

"እንዴት ያምራል! ማነው የሄደው?"

"እኔና አንቺ ነና እማ!"

"ሂድ ወዲያ፣ በእናትህ ትቀልዳለህ?" ብላ ሳቀች።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። አልበሙን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ገለጠች... የተዘለለ ስፌት እንደምትፈልግ ሁሉ ዓይኗን አቅርባ እያንዳንዱን ጥግ አየች።

"የለሁበትም እኮ ልጄ።"

ልጅየው ተርበተበተ። ደብተሩን ከፍቶ አነበበላት... ብርሃን ከግራ፣ ደመና ስስ። ውሃውን መቅመሷን፣ መሳቋን በቃሉ ነገራት... የሰው ታሪክ እንደሚነገራት ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ያቺን የሰረዛትን ፎቶ ፍለጋ ስልኩን በረበረ... የለችም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

እህቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

እናትየው የልጇ ዓይን እንባ ሲሞላ አየች... እጁን ያዘችው።

"ምነው የኔ ልጅ? ባህር ሳትወስደኝ ስለቀረህ ነው እንዲህ የምትሆነው? አይዞህ... ሥራ በዝቶብህ ነው። አልተቀየምኩህም። ሲመችህ ትወስደኛለህ።"

አሁን እናትየው መንገድ አትችልም። ከግቢ ስትወጣ ፍርሃት ይይዛታል፤ ሐኪሙም ጉዞ የሚባል ነገር ከልክሏታል። ልጇ በመጣ ቁጥር ግን ትጠይቀዋለች...

"ባህር መቼ ነው የምትወስደኝ?"

"በቅርቡ እማ" ይላታል። ሌላ ምን ይበላት?

ወገኖቼ... ባህሩ የትም አይሄድም። ከእኛ አሳምሮ የሚያነሳውም መዓት ሰው አለ። አጠገባችሁ የቆመችውን እናታችሁን ግን ከእናንተ ሌላ ማን ያነሳታል? ብርሃን እስኪያምር አትጠብቁ። ፊቷ ላይ ጥላ ይረፍ፣ ፎቶውም ይንጋደድ... ብቻ እሷ ትኑርበት! ማስታወሻ የምትጽፉም ከሆነ ደመናውን ተዉትና ያለችውን ጻፉ።

እስቲ እናንተ በልጅየው ቦታ ብትሆኑ... "ወስጄሽ ነበር እኮ" እያላችሁ በየጊዜው ታስረዷታላችሁ? ወይስ እንደ እሱ "በቅርቡ" ትሏታላችሁ?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... እኔ መልሱን አላገኘሁትም።